ለክቡር ኮሎኔል ገረመው የተላከ ገና

እትዬ ሕብስት ሰውን ሲያከብሩ ሰስተው አያውቁም፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

አዲስ አበባ ላለው ታላቅ ወንድማቸው የጌም ማሽን ሊልኩ ጄኔቭ ውስጥ አንድ የጭነት ቢሮ ገቡ። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ልጅ የተቀባዩን ስም ጠየቃቸው። ሌላ ሰው ቢሆን «ገረመው» ብሎ፣ ስልክ ቁጥር ጨምሮ ይወጣ ነበር። እሳቸው ግን ታላቅ ወንድማቸውን በባዶ ስሙ ለፈረንጅ አሳልፈው የሚሰጡ ሰው አይደሉም። ቦርሳቸውን ባንኮኒው ላይ አኖሩና «ክቡር ኮሎኔል ገረመው ወልደሥላሴ፣ የምድር ጦር መሐንዲስ» ብለው ቃል በቃል አስጻፉት። ልጁም የታዘዘውን ጻፈ። እትዬ ሕብስት ወግ ባለው አላላክ በመላካቸው ደስ እያላቸው በአውቶቡስ ወደ ሰፈራቸው ወደ ሊኞን ተመለሱ።

ማሽኑ ዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰና እዚያው ቀረ።

ነገሩን በስልክ ያስረዳቸው ዑመር ነው። ዑመር የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ጥገኝነት ጠይቆ ስዊዘርላንድ የገባ ጊዜ እሳቸው በሚኖሩበት ሕንፃ በሌላኛው መግቢያ ነበር የሚኖረው። እትዬ ሕብስት ቤት ጎራ ብሎ ሳይበላ የወጣበት ቀን ትዝ አይለውም። ኋላ ሙያ ተምሮ፣ ዙሪክ ጌም የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ፣ ዛሬ ሰው የሆነ ልጅ ነው።

«እትዬ ሕብስት» አላቸው፣ «እርስዎ የላኩት ጌም ነው። እነሱ ያዩት ግን ለጦር መሐንዲስ የሚሄድ ኃይለኛ ኮምፒውተር ነው።»

«ታዲያ ውሸት ጻፍኩ? መሐንዲስ አይደለም?»

«እሱማ ናቸው። ችግሩም እሱ ነው።»

አዲስ ደንብ ወጥቶ ነበር። የጌም ማሽኖች ጉልበታቸው ከልክ አለፈ፤ ጥቂቱን አንድ ላይ የገጣጠመ ሰው ሚሳይል ይመራባቸዋል፣ ድሮን ያሰማራባቸዋል ተባለ። እናም አዲሶቹ ማሽኖች ከአውሮፓ ውጭ ሲላኩ በፈቃድ ሆነ፤ ተቀባዩ ወታደር ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ክልክል። እንግዲህ ፍረዱ። የዓለም መንግሥታት ሚሳይል ሲሉ፣ እትዬ ሕብስት ማሽኑ የሚመራውን ነገር ጠንቅቀው ያውቃሉ። የሚመራው የገና ዱላ ነው።

ዑመር ነው ጌሙን የሠራው፤ ስሙንም በገና ኳሷ «እሩር» ብሎታል። ልጅ ሆኖ ወሎ ውስጥ ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ልጅ ጋር ገና ሲጫወት ያደገ ነውና አንድም ነገር አላጓደለበትም፤ አቧራው አለ፣ ግፊያው አለ፣ የተሸነፈ ሲሰደብ ተመልካች ሲስቅ አለ። ተጫዋቹ መቆጣጠሪያውን እንደ ዱላ ይዞ በክንዱ ይመታል፤ ማሽኑ የእጅን አጣጣል አንድ በአንድ ስለሚያነብ ከአዲሱ ማሽን በቀር ሌላው አይችለውም።

ጌሙ አልቆ ዑመር መጀመሪያ ያስሞከረው እትዬ ሕብስትን ነበር። ሳሎናቸው መሀል ቆመው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ አንዴ መቱ። እሩሯ ተወንጭፋ ሜዳውን አቋርጣ ሄደች። እትዬ ሕብስት እንባቸው መጣ፤ አልደበቁትምም።

ምክንያት አላቸው። ጉለሌ ልጅ ሳሉ ወንድማቸው የሰፈሩ የገና ቡድን አለቃ ነበር። እሳቸው ደግሞ የእሩር አምጪ። እሩሯ ከጎርፍ መውረጃው ቦይ በገባች ቁጥር «ሕብስት፣ አምጪ» ይባላሉ፤ እሾሁ እየቧጠጣቸው ወርደው ያመጣሉ። አንድ ዓመት ከወይራ ጠርበው የራሳቸውን ዱላ ይዘው ሜዳው ዳር ቆሙ። ገረመው ዱላውን ከእጃቸው ወሰደና «ሴት ልጅ ዱላ አትይዝም» አለ። ሜዳው ሙሉ ልጅ ሳቀ። እትዬ ሕብስት አግብተዋል፣ ወልደዋል፣ ባል ቀብረዋል፣ ጄኔቭ ክሬሽ በሚሉት የሕፃናት ማቆያ የስንቱን አገር ሕፃን አሳድገው ጡረታ ወጥተዋል። ያቺ ሳቅ ግን አልወጣችላቸውም።

ስለዚህ ወንድማቸውን ገና ሊገጥሙት ፈለጉ። ጊዜ ደግሞ አልነበረም። ኮሎኔሉ ግላኮማ አንድ ዓይናቸውን ወስዶባቸዋል፤ ሌላው እየጠበበ ነው። ሐኪማቸው ለከርሞው ገና ተስፋ አልሰጣቸውም። ይህ ገና ካለፈ ኮሎኔሉ እሩሯን አያዩዋትም፤ እትዬ ሕብስትም ከወንድማቸው ጋር ሳይጋጠሙ ይቀራሉ።

ጎረቤታቸው ውቢት ነገሩን ስትሰማ ወዲያው መፍትሔ አገኘች። «እኔ ለበዓሉ እሄድ የለ? ማሽኑን ከልብሴ መሀል እጠቀልለዋለሁ፤ ማን ያየኛል?»

«ወንድሜ ተደብቆ የገባ ዕቃ አይቀበልም» አሉ እትዬ ሕብስት። «እኔም አልክም። በበሩ ይገባል።»

እናም ዑመር ዙሪክ ካለው የፈቃድ ቢሮ ቀጠሮ ያዘላቸው። ታኅሣሥ ገብቷል። ከጄኔቭ ኮርናቫን ጣቢያ ባቡር ተሳፍረው ሲሄዱ ሐይቁን አላዩም፣ ተራራውን አላዩም፤ የሚሉትን በሆዳቸው እየደረደሩ ሄዱ። ዑመር ዙሪክ ጣቢያ ተቀበላቸው። ሱፍ ለብሷል። «ቢሮው ውስጥ እኔ ልናገር» አላቸው በትራም ላይ። «እሺ» አሉት። እሺታቸውን የሚያውቅ ሰው አያምነውም ነበር።

የተቀበለቻቸው ፍራው ኤግሊ የምትባል፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ዕድሜዋ ሃምሳ የሚጠጋ ሴት ናት። ፈረንሳይኛዋ ቀስ ያለ ነበር፤ ግን ይገባል።

«ማዳም፣ እኔ እርስዎን ልከለክል አይደለም እዚህ የተቀመጥኩት» አለች። «ማሽኑ አንድ ነው፤ ጌም እንደሆነም ይገባኛል። ለወታደር ግን ፈቃድ መስጠት አልችልም። መውጫው ቀላል ነው። ኮሎኔል የሚለውን እንተወው። እንደማንኛውም ሰው ሙሴ ገረመው እንበልና ዛሬውኑ እፈርማለሁ።»

ዑመር ትንፋሹን ለቀቀ። በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይወጡ ነበር።

«አይሆንም» አሉ እትዬ ሕብስት።

ዑመር በአማርኛ ዞረባቸው። «እትዬ ሕብስት፣ ኧረ በአላህ፤ አንዲት ቃል እኮ ናት።»

«አንዲት ቃል መሆኗን አጣሁት? ለእሱም የቀረችው እሷው ብቻ ናት።»

ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞረው በፈረንሳይኛ ነገሯት። መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ሠራዊቱ ሲበተን ወንድማቸውን ማዕረጉን ከትከሻው ላይ ነቅለው ካምፕ እንዳስገቡት፤ ሲወጣ ጡረታ እንኳ ሳይሰጡት ቤቱ እንደሰደዱት፤ ከዚያ ወዲህ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ እያስተማረ እንደኖረ፤ የሰፈሩ ሰው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ኮሎኔል ብሎ እንደሚጠራው። «አንዴ ገፈውታል» አሉ። «ሁለተኛ በእኔ እጅ አይገፈፍም። ከወንድሜ ጋር ያለኝን ቂም አልነገርኩዎትም፤ ብዙ ነው። ቢሆንም ቂሜን የምወጣው ማዕረጉን እንደለበሰ ነው።»

ፍራው ኤግሊ ብዕሯን አስቀመጠች። እትዬ ሕብስት አንዴ ከጀመሩ አይቆሙምና ቀጠሉ።

«ደግሞስ እናንተ አገር ኮሎኔል ብርቅ ነው? የኔ ጥርስ ሐኪም ኮሎኔል ናቸው። ጥርሴን ሲነቅሉኝ እንጂ ሲተኩሱ አላየኋቸውም።»

ፍራው ኤግሊ ሳትወድ ሳቀች። «አለቃዬም ኮሎኔል ነው፤ በዓመት ጥቂት ሳምንት፣ ጦሩ ሲጠራው» አለች። «ልዩነቱ ምን መሰለዎት፣ የእኛዎቹ መቼ በጦሩ ውስጥ እንደሆኑና መቼ እንዳልሆኑ ራሳቸው ይናገራሉ። የእርስዎ ወንድም ይናገራሉ? ማዕረጉን አልነካም። ጦር ውስጥ እንደሌሉ ግን ከራሳቸው አንደበት መስማት አለብኝ።»

ይኼ ፍትሐዊ ነገር ነበር፤ እትዬ ሕብስትም ፍትሐዊ ነገር ሲሰሙ ያውቁታል። ግን ሰውየውን ያውቃሉ። ወንድማቸው ሁሉን ሲናገር ይችን አንዲት ነገር ተናግሮ አያውቅም። ሰው «ጡረታ ወጡ እንዴ?» ብሎ ቢጠይቀው ወሬ ይለውጣል፤ «የቀድሞ ኮሎኔል» ያለው ሰው ደግሞ ሁለተኛ ሰላምታ አያገኝም።

ዑመር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደግፎ አቆመና ደወለ። እትዬ ሕብስት ምናልባት ቢፈለግ ብለው ትናንት ማታ ለወንድማቸው «ነገ አንዲት የመንግሥት ሰው ታነጋግርሃለች፤ ተዘጋጅተህ ጠብቅ» ብለውት ነበር። ኮሎኔሉም ተዘጋጅተው ጠበቁ። ምስሉ ሲመጣ፣ ክቡር ኮሎኔል ገረመው የጥንቱን የክብር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሜዳሊያቸውን በሙሉ ደረታቸው ላይ ደርድረው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ተቀምጠዋል።

ዑመር ግንባሩን በእጁ ያዘ። ፍራው ኤግሊም ሜዳሊያዎቹን በዓይኗ ዞረቻቸው። እትዬ ሕብስት በሆዳቸው «አይ የኔ ነገር፤ ሁለታችንም የአንድ ማኅፀን ነን» አሉ፤ የወንድማቸው ጥፋት ከእሳቸው ጥፋት በምንም አይለይም ነበርና።

ፍራው ኤግሊ ጠየቀች፣ እትዬ ሕብስት ተረጎሙ። «ኮሎኔል፣ አሁን በጦር ሠራዊት ውስጥ ያገለግላሉ?»

«ወታደር ጡረታ አይወጣም» አሉ ኮሎኔሉ።

እትዬ ሕብስት አልተረጎሙም። ፍራው ኤግሊ አየቻቸው፤ ዑመርም አያቸው። ቃሉን ቢያጣምሙት ከዑመር በቀር ማንም አያውቅባቸውም ነበር። ነገር ግን በበሩ ይገባል ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ቃሉን እንዳለ ተረጎሙት። ፍራው ኤግሊ ራሷን በቀስታ ነቀነቀችና ወረቀቶቿን መሰብሰብ ጀመረች።

ያን ጊዜ እትዬ ሕብስት ወደ ስልኩ ተጠጉ። ድምፃቸው ክሬሽ ውስጥ የሚያኮርፍ ሕፃን ሲያባብሉ የነበረው ድምፅ ነበር፤ ቁጣም ልመናም የሌለበት።

«ወንድም ጋሼ፣ ልንዋጋ ነው ወይስ ገና ልንጫወት? መዋጋት ከሆነ ሴትየዋ ትክክል ናት፤ እኔም ቤቴ ልግባ። ገና ከሆነ ግን በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል አንተው ነህ ያስተማርከኝ። እኔ ማዕረግህን አላስነካሁብህም። ደጅ ላይ ቆሜ ይኸው እየተሟገትኩልህ ነው። አሁን የቀረው ያንተ ነው።»

ኮሎኔሉ ተነሡ። የክብር ልብሱን ቁልፍ አንድ በአንድ ፈቱ፤ አውልቀው፣ አጥፈው፣ ከወንበሩ ጀርባ ሰቀሉት። ከሥሩ እትዬ ሕብስት ከዓመታት በፊት የላኩላቸው ሹራብ ነበረ፤ ክርኑ ላይ ተጥፏል። ተመልሰው ተቀመጡ።

«በይ ተርጉሚላት» አሉ። «ጦር የለኝም። የማዘው ሰው የለኝም። ሠራዊቴ ከተበተነ ዘመን አልፎታል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልተበተንኩም እያልኩ ኖሬያለሁ። ኮሎኔል ነኝ፤ ጡረተኛ ኮሎኔል። የቀረችኝ አንዲት ዓይን ናት፣ እሷም ግማሽ ናት። በእሷ ሌላ የማየው ነገር የለኝም፤ ከእህቴ ጋር ገና ልጫወትባት ነው።»

እትዬ ሕብስት ተረጎሙ። «ጡረተኛ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ውኃ ጠጥተው ጨረሱት። ያን ቃል ለማውጣት ወንድማቸው ምን እንደከፈለ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ፍራው ኤግሊ ጻፈች። የጻፈችውንም እንዲሰሙት ጮክ ብላ አነበበችው፦ ክቡር ኮሎኔል ገረመው ወልደሥላሴ፣ ጡረተኛ። «ክቡር የሚለውንም አልነካሁትም፤ ደንቡ ስለ እሱ ምንም አይልም» አለች። ከዚያ ማኅተሙን መታች። ሲወጡ በር ድረስ ሸኝታቸው ዑመርን በጀርመንኛ አንድ ነገር ጠየቀችው።

«ምን አለችህ?» አሉ እትዬ ሕብስት ትራም ሲጠብቁ።

«የሚያሸንፉት እርስዎ ነዎት ወይስ እሳቸው ብላ ነው።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«አላውቅም አልኳት።»

«ጉድ ነው፤ እንዲህ ያለውን ልጅ ነው ያበላሁት» አሉና እስከ ጣቢያው ድረስ ሲስቁ ሄዱ። ደስታ እንዲህ አድርጓቸው አያውቅም፤ በባቡሩ ላይ ሐይቁንም ተራራውንም አዩ።

ማሽኑ በበሩ ገባ። የኮሎኔሉ ጎረቤት ልጅ ገጣጠመላቸው፤ ውቢትም ለበዓሉ ሄዳ ስለነበር ሰፊ ቴሌቪዥን ተውሳ አመጣችላቸው።

የገና ዕለት እትዬ ሕብስት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ በልተው አብልተው፣ ከቀትር በኋላ ጠረጴዛና ወንበሩን ሁሉ ወደ ግድግዳ አስጠጉ። ከጄኔቭ ዙሪያ ወዳጆቻቸው ኂሩት ከሻትሌን፣ እንድሪያስ ከላንሲ፣ ዑመርም ከዙሪክ መጥተዋል፤ ቤቱ ጢም ብሏል። ዑመር የቤቱን ማሽን ከአዲስ አበባው ጋር በምስልም በድምፅም አገናኘ። ጨዋታው ቀላል ነው፤ ሦስት ጊዜ ያስገባ ያሸንፋል።

ኮሎኔሉ ገና እንደተጀመረ አስገቡ። አለቃ አለቃ ነው፤ ዓይናቸው ቢጠብም የጌሙን ልጆች እንዴት እንደሚያሰልፉ አልረሱም። ሁለተኛውንም አስገቡ። እንድሪያስ «ኮሎኔሉ በግማሽ ዓይን እንዲህ ከሆኑ በሙሉው ምን ሊሆኑ ነበር» ብሎ ተረበ። እትዬ ሕብስት ወንድማቸው ሁልጊዜ በቀኝ በኩል እንደሚገፋ ያስታውሳሉ፤ ቦይ ዳር ቆመው የኖሩት ለከንቱ አይደለም። ሜዳውን ከዳር ሆኖ ያየ ሰው ከመሀል ያለው የማያየውን ያያል። በግራ ዞሩና አንድ አስገቡ። ከዚያ ሌላ ደገሙ። ሁለት ለሁለት ሆነ።

እዚያ ላይ አዲስ አበባ መብራት ጠፋ።

ምስሉ ቀጥ አለ። ቤቱ አጉረመረመ፤ ኂሩት «እንግዲህ በእኩል ወጥታችኋል፤ ምን ያንሳል» አለች። እትዬ ሕብስት ክንዳቸውን እንደዘረጉ ሜዳው መሀል ቆመው ቀሩ። በአንድ አፍታ ያ ሁሉ ልፋት ውኃ በልቶት ታያቸው። ወንድማቸው በዚሁ ቢያበቃው የሚወቅሰው የለም፤ መብራት ኃይልን ማን ይከሳል?

ስልካቸው ጠራ። ኮሎኔሉ ናቸው። «ሕብስቴ፣ ዱላሽን እንዳታስቀምጪ» አሉ። «መብራት ይመጣል። እኔ አልሸሸሁም።»

መብራቱም መጣ። ኮሎኔሉ በቀኝ ገፉ። እትዬ ሕብስት ቀኙን ለቀቁላቸው፤ ሲጠጉ እሩሯን ከሥራቸው መንጭቀው፣ ሁለት ሰው አልፈው፣ ክሬሽ ውስጥ ስንት ሕፃን ባነሣው ክንዳቸው ከልጅነት ጀምሮ የያዙትን ምት መቱ። እሩሯ ገባች። ቤቱ ተናወጠ፤ ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበ። ኂሩት እልል አለች። እትዬ ሕብስት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ዞሩ፣ እንደገና ዞሩ፤ ጉልበታቸው ያማቸው እንደነበር ረሱት።

ያሸነፈ የተሸነፈውን በግጥም መውጋት አለበት፤ ሕጉ ነው። ኮሎኔሉም ያውቃሉ፤ «በይ አውጪው፤ እየጠበቅኩ ነው» አሉ። እትዬ ሕብስት ግጥሙ ከዘመን ጀምሮ አፋቸው ላይ እንደነበረ ሁሉ አወረዱት፦

እሩር አምጪ ብለህ ቦይ የላክሃት ልጅ፣
ዘግይታም ቢሆን ግን አስገባቻት ከደጅ።

ቤቱ ተቀብሎ ዘፈነው። ኮሎኔሉ ሲያልቅ አልሳቁም። የተቆጡ የመሰላቸው ነበሩ።

«ሕብስቴ» አሉ በመጨረሻ፣ «ያን ጊዜ ዱላሽን የነጠቅኩሽ ሴት ስለሆንሽ ይመስልሻል?»

«አንተው ነህ ያልከው።»

«ልጆቹ እንዲሰሙት ነው ያልኩት። ከቤታችን ጓሮ ብቻሽን ስትመቺ አይቼሽ ነበር። በሰው ፊት እንዳታሸንፊኝ ፈርቼ ነው።»

እትዬ ሕብስት ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ወደ ዑመር ዞሩና «ድምፁን እስከ መጨረሻ ክፈተው» አሉት።

«ወንድም ጋሼ፣ ሜዳው ሙሉ ሰው አለ። ድገመው።»

ኮሎኔሉ ተነሥተው ቆሙ። አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ በጥንቱ የሰልፍ ሜዳ ድምፃቸው፣ ደገሙት።